ግስ እስኪመጣ

ከሃያ ጥያቄ ስምንት ነው ያገኘሁ፤
አሥራ ሁለቱን ግን ያወቅሁ መስሎኝ ሳትሁ።
ቀን ላቦራቶሪ የሰው ደም ስመድብ፣
ማታ ቂርያት ጋት ሦስተኛ ፎቅ ሳነብ፦
«የትኛው ያዳክማል? የትኛው ያጸናል?
ተናጋሪው ሳይል ምን ነገር ገምቷል?»
የሁለተኛ ዲግሪን በር የሚጠብቅ
እንዲህ ያለ ዘብ ነው፣ ማወቅን የሚንቅ።

አጎቴ ቢያድግልኝ ምድር ቤት ነው ያለ፤
የትምህርት ቤት ግቢ ሲጠርግ እየዋለ
ማታ ጉልበቱን ይዞ ደረጃ ይወጣል፤
«ደብዳቤ መጣብኝ፣ እስኪ እይው» ይላል።
የዕብራይስጥ ፊደል ለእሱ የምስማር ክምር ነው፤
ወገራ ሳለ ግን ነገር የሚገባው፣
«በላ ልበልሃ!» ሲል ችሎት የሚያስደምም፣
ሐሰተኛ ምስክር ፊቱ የማይቆም።

አንድ ሌሊት ቢመረኝ ጮክ ብዬ አነበብሁለት፣
ዕብራይስጡን ባማርኛ እየመለስሁለት፦

«በአንዲት ከተማ መንገድ ዳር ካሜራ ተተከለ።
በዓመቱ ለፖሊስ የደረሰው የስርቆት አቤቱታ እጥፍ ሆነ።
ስለዚህ ካሜራው ሌባ አልከለከለም።»

ዝም አለ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።
«አቤቱታ ነው ወይስ ስርቆት ነው ያደገ?
ድሮ የተሰረቀ፣ ማስረጃ የሌለው፣
ዝም ብሎ ቢተኛስ? ማን ብሎ ይክሰሰው?»

መልሱ ይኸው ነበር፣ በሦስተኛው ምርጫ።
እኔ የከበብሁት አራተኛውን ነው፦
«ካሜራ ይሰበራል» የሚለውን።
«ሐሰት ነው ወይ ታዲያ? ካሜራ እኮ ይሰበራል!»
«እውነት ነው» አለ፤ «ግን እውነት ሁሉ ለዚህ ችሎት መች ይመሰክራል?»

ያኔ ነው የገባኝ የጥድፊያዬ ነገር፤
በግማሽ አንብቤ መፍረድ ለምጄ ነበር።
ባማርኛ ግሱ ኋላ ነው የሚመጣው፦
«ዳኛው ሰውዬውን…» ሲባል፣ ፈታው ወይስ አሰረው፣
አፍ እስኪዘጋ ድረስ ማን ነው የሚያውቀው?

በየማታው እንግዲህ ሦስት ጥያቄ፣ አንድ ብርቱካን።
ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፦
ይህ ያየው ነው፣ ይህ የደመደመው።
በመካከላቸው ጣቱን ያሳርፋል፦
«እዚህ ጋ ወንዝ አለ። ማን አሻገረው?»

አንድ ቀን ግን መጣ፣ እኛን የሚመስል፦
«ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈር የተማሪው ውጤት ዝቅ ያለ ነው፤
ስለዚህ ወላጆቹ ለትምህርት ግድ የላቸውም።»
እርሳሱን ወረወርሁ።
እናቴ ሌሊቱን የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ አድራ
ጧት የሒሳብ ደብተሬን በስኳር ወረቀት የምትለብጥ!
አጎቴ ጎንበስ ብሎ ከሶፋው ሥር እርሳሴን አወጣ።
«ተይ ብርቄ» አለ። «ተቆጥቶ የረታ አላየሁም።
ንዴትሽ እውነት ነው፤ ግን ምስክር አይሆንም።
ወንዙን አሳዪኝ።»
አሳየሁት። ሰፊ ነበር።

ፈተናው ቤር ሼቫ፣ ዝናብ ባረፈበት ማክሰኞ።
ወረቀት የምትሰበስበው ሴት አጠገቤ ቆመች፦
«ዕብራይስጥሽ እንዴት ያምራል!»
እኔ የተወለድሁት እዚያው ከተማ፣ ከፈተናው ቤት ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው።
ያልተነገረው ግምት የቱ ነው? ምላሴ ላይ ደረሰ፤
ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ።
«የእኔ» አለች፣ «ሠላሳ ዓመት ኖሬ እንኳ፣ እስካሁን ይጎረብጣል።»
ያኔ ነው የሩሲያ ቃናዋን የሰማሁት።
ንዴቴ ግማሹ ወደቀ። ግማሹ፣ አልዋሽም፣ ቀረ።

ውጤቱ ገና ነው፤ ለሚያዝያ ተብሏል።
አጎቴ ደረጃውን ወጥቶ፣ ብርቱካኑን አስቀምጦ፣
ስንት አገኘሽ አላለኝም።
«ስንቱን አስጨረስሽው?» አለኝ።
አንዷን አልሁት።